ቀልዱ ደረቀ ወይስ ሳቃችን ተበተነ?

ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የሻይ ቤቱን መስኮት ሸፍኖታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ ያሳያል። ከስሩ አራት ደንበኞች ተቀምጠዋል። ሦስቱ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። አንደኛው ድንገት ይስቃል፤ ያሳቀው ግን ቴሌቪዥኑ አይደለም። ቀና ብሎ የሚያየው አራተኛው ሰውዬ ብቻ ነው። እሱም ትንሽ ይታገስና አስተናጋጇን «እስቲ ቀይሪው የኔ እህት፣ ደረቅ ነው» ይላታል።

እንዲህ ያለ ምሽት ብርቅ አይደለም። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ጃኬቱ ይወልቃል እንጂ ፍርዱ አይለወጥም። ስለ ኮሜዲ ሲነሳ «ደረቅ ነው»፣ «የድሮው ይሻል ነበር» ይባላል። ስለ ፊልም ሲነሳ «ሁሉም አንድ ነው» ይባላል። ገጸ ባሕርያቱ መሃል ላይ ተነስተው የሚዘፍኑበት ፊልም ከሆነ ደግሞ «ምን ሆነው ነው የሚዘፍኑት?» የሚል ጥያቄ አይቀርም።

እነዚህ አስተያየቶች የሚናገሩት ስሜት እውነት ነው። ያልሳቀ ሰው አልሳቀም፤ አስረድቶ ማሳቅ አይቻልም። ችግሩ ምክንያቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ተዋናዩ ላይ ይጫናል፤ ወይም «ትውልዱ ቀልድ አያውቅም» ተብሎ ይታለፋል። ቀልዱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚከፍልበትና ከማን ጋር ሆነን እንደምናየው ሲመረመር ግን ሌላ ነገር ይወጣል።

በበዓል ብቻ የሚመጣ እንግዳ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት አገሩ የሚያየው አንድ ጣቢያ ነበር። ኮሜዲ ደግሞ የዓመት በዓል እንግዳ ነበር። ተስፋዬ ካሳ፣ አለባቸው ተካ፣ ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ ሰው ቤት የገቡት በዋናነት በበዓል ፕሮግራም በር ነው። ያኔ «ጭውውት» ይባል ነበር። ዛሬ «ስኬች» የምንለው፣ በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ የሚያልቀው አጭር ቀልድ ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ለእያንዳንዱ ትልቅ በዓል የአሥራ አምስት ደቂቃ ጭውውት ተዘጋጀ ብንል፣ የዓመቱ ተደምሮ ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው። ዛሬ አንድ ሳምንታዊ ኮሜዲ በ30 ደቂቃ ሒሳብ ዓመቱን ሙሉ ቢተላለፍ 26 ሰዓት ይሆናል። ያውም የአንድ ፕሮግራም ብቻ። ለሁለት ሰዓት የሚበቃ ምርጥ ቀልድ ያለው ሰው ለ26 ሰዓት የሚበቃ አለው ማለት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። የበዓሉ ቀልድ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ይደገማል፣ ሰኞ ገበያ ይደርሳል፣ ቡና ላይ ይተረካል። ያላሳቀው ይረሳል፣ ያሳቀው ይቀራል። ትዝታ አበጥሮ ነው የሚያስቀምጠው። የዛሬውን ኮሜዲ ግን ከነገለባው እናየዋለን። ስለዚህ የድሮውን ምርጥ ከዛሬው አማካይ ጋር እያነጻጸርን ነው።

ይህ ማለት ግን ወቀሳው ሁሉ መሠረት የለውም ማለት አይደለም። የድሮዎቹ ብዙዎቹ መድረክ ላይ ያደጉ ነበሩ። ሰው ፊት ቆመው ሳቅ ሲመጣና ሲቀር በጆሯቸው የለኩ ናቸው። ዛሬ ካሜራ ፊት ብቻ የሚያድግ ተዋናይ ይህን ልምምድ የሚያገኝበት ቦታ ጠቧል።

ሳቅ ጓደኛ ይፈልጋል

ሮበርት ፕሮቫይን የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ሳቅን ለዓመታት አጥንቷል። ሰዎች ከሌላ ሰው ጋር ሲሆኑ፣ ብቻቸውን ከሚሆኑበት ጊዜ 30 እጥፍ ያህል የበለጠ እንደሚስቁ ጽፏል። አብዛኛው ሳቅ ቀልድ ተከትሎ የሚመጣ እንዳልሆነም ታዝቧል። ሰው ተራ ወሬ ላይ፣ ስንብት ላይ ሳይቀር ይስቃል። ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያለ ጥናትም ያውቀዋል። ጎረቤት የሳቀችበትን አብረን እንስቃለን፤ ከዚያ «ግን ምን አለ?» ብለን እንጠይቃለን።

የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሰዎች ይህን ቀደም ብለው ገብቷቸዋል። የሲትኮምን አሠራር ያለዚህ መረዳት ይከብዳል። ሲትኮም በአንድ ቦታና በተመሳሳይ ገጸ ባሕርያት ዙሪያ በየሳምንቱ የሚመላለስ ኮሜዲ ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ካፌ ወይም አንድ ቢሮ ይበቃዋል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ሲትኮሞች የሚቀረጹት በተመልካች ፊት ነበር። ተዋናዩ ቀልዱን ይጥላል፣ ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል፣ ይቀጥላል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ቻርልስ ዳግላስ የተባለ የሲቢኤስ ቴሌቪዥን የድምፅ ባለሙያ ልዩ ልዩ ሳቅ የተቀዳበት ሣጥን ሠራ። እንደ ታይፕራይተር ቁልፍ እየተጫነ ትንሽ ሳቅ፣ ትልቅ ሳቅ፣ የሴት ሳቅ፣ የወንድ ሳቅ ያወጣ ነበር። ሰው በሌለበት ሰው ማስገባት ነው። ይህ የተቀዳ ሳቅ ላፍ ትራክ ይባላል።

የአማርኛ ሲትኮሞች አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተመልካች ይቀረጻሉ። ተዋናዩ ሳቅ ይመጣል ብሎ ትንሽ ቆም ይላል። ሳቁ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም። አርታዒው ያን ባዶ ቦታ በካርቱን በሚመስል ድምፅ ይሞላዋል፤ ጥርቅም የሚል፣ የሚንሸራተት፣ የሚፈነዳ። ይህ ድምፅ «እዚህ ጋ ሳቅ» የሚል ምልክት ነው። ምልክት ሲበዛ ደግሞ ተመልካቹ እንደ ሕፃን የተቆጠረ ይመስለዋል። «ደረቅ ነው» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከዚህ ባዶ ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። ድሮ ሰፈር ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይታወቅ ነበር። በበዓል ማታ ጎረቤቱ እዚያ ይሰበሰባል፤ ልጁ መሬት፣ ትልቅ ሰው መደብ ላይ። በኋላ ዲሽ በየጣሪያው ተተከለ። በ2012 ዓ.ም. አካባቢ የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ የዲሽ ሠራተኞች ከጣሪያ ጣሪያ ሲዘሉ ከረሙ። ቻናሉ በዛ፣ ቤቱም ለየብቻ ሆነ። ቀጥሎ ስልክ መጣ፤ አሁን ክፍሉም ሶፋውም ለየብቻ ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ የሳቀው ልጅ በጆሮ ማዳመጫ ብቻውን ነው የሳቀው። አጠገቡ ያለው ሰው ምን እንዳሳቀው አያውቅም። ሳቁ አልጠፋም፤ ተበትኗል።

ለቀልዱ የሚከፍለው ማን ነው?

ተመልካቹ እምብዛም የማያየው ክፍል ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ተከታታይ ኮሜዲ የሚሠራው ጣቢያው ሳይሆን የግል ፕሮዲዩሰር ነው። ፕሮዲዩሰሩ የአየር ሰዓት ይገዛል ወይም ከጣቢያው ጋር ይጋራል፤ ወጪውን የሚመልሰው ደግሞ በስፖንሰር ነው። ስፖንሰር ከሌለ ፕሮግራሙ የለም። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ በጭቅጭቅ መሃል ድንገት ስለ አንድ ዘይት ጥራት ማውራት ስትጀምር ደራሲው አብዶ አይደለም። ያ አረፍተ ነገር የቀረጻውን ምሳና ትራንስፖርት ከፍሏል።

ከስፖንሰሮቹ ትልልቆቹ የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። የቢራ ፋብሪካ ጎረቤት የሆነው የኮምቦልቻ ሰው ነገሩን ከሌላው የተሻለ ይረዳዋል፤ ማስታወቂያው ከስክሪን ቢጠፋም ቢራው ከከተማው አልጠፋም። የክልከላው ደጋፊዎች ልጆች አብረው በሚያዩት ሰዓት መጠጥ ማሞካሸት ልክ አልነበረም ይላሉ፤ ይህ ተገቢ ክርክር ነው። የኪነ ጥበብ ሰዎች በበኩላቸው አንድ ትልቅ የገንዘብ ምንጭ ሌላ ሳይተካ ተዘጋ ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱ አይጣረሱም። ውጤቱ ግን ስክሪን ላይ ይታያል፦ የተዋናዩ ቁጥር ቀነሰ፣ የውጪ ቀረጻ ጠፋ፣ ታሪኩ ሳሎን ውስጥ ተዘጋ።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ከ8 ደቂቃ በላይ የሆነ ቪዲዮ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ሊገባበት ይችላል። በአራት ደቂቃ የሚያልቅ ቀልድ ወደ ዘጠኝ የሚለጠጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቲክቶክ ግን ወደ ሌላው ጫፍ ወሰደው፤ ሰው በጥቂት ሰከንድ ካልሳቀ በጣቱ ያልፍሃል። በዚህ የለመደ ዓይን ወደ ሲትኮም ሲመለስ መንገዱ ይረዝምበታል።

ጥንቃቄም አለ። ብሔር፣ ሃይማኖት፣ ሹመት፣ ጦርነት አደገኛ ርዕሶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ ገብቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ያለፈ ከተማ የራሱ መራራ ቀልድ አይጠፋውም፤ ያ ቀልድ ግን ቤት ውስጥ ይቀራል። ስክሪኑ ላይ የሚቀረው አከራይና ተከራይ፣ አማትና ምራት፣ ቀናተኛ ባል ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ተብሎ የሚጠቀሰው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ በአውሬዎች ተረት ተሸፍኖ ሹማምንትን የሚነካ ኮሜዲ ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ኮሜዲያችን ገና ሲወለድ ነው አፉን የተያዘው።

«ኸ» ስላለ ይሳቃል?

በወሎ ተመልካች ዘንድ ከሁሉ የሚያከራክረው ግን ሌላ ነው። ብዙ ኮሜዲዎች ውስጥ ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ከገጠር የመጡ ናቸው። አነጋገራቸው ከዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ይለያል። አንዳንዴ ጎጃም፣ አንዳንዴ ወሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ የትም የማይነገር፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀመመ አማርኛ ነው።

አንድ ትዕይንት እናስብ። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል። ጌታው ሊያልፍ ሲል «ኸዚህ ወዲያ ማንም አያልፍም» ይላል። ከዚያ ያ የካርቱን ድምፅ ይመጣል። ቀልዱ የት ነው? ጌታውን በራሱ ቤት መከልከሉ ላይ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ጌታው ሲደነግጥ በመጣ ነበር። የመጣው ግን «ኸ» ላይ ነው። ሳቅ የታሰበው «ከ» በ«ኸ» ስለተተካ ብቻ ነው።

ደሴ ላይ ይህ ቀልድ የማይሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። እዚህ «ኸ» የአክስት አነጋገር ነው። «አብሽር» የሚለውም ሰውን ለማጽናናት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚለው ቃል ነው። ሰው በየቀኑ የሚሰማው ነገር አያስደንቀውም፤ ያላስደነቀው ደግሞ አያስቀውም። ስለዚህ ለቀልዱ የሚቀርለት ሁለት ዕድል ብቻ ነው፤ ወይ ምንም አለመሆን፣ ወይ ስድብ መሆን።

በዚህ ላይ የሚቀርቡት ሐሳቦች ሁለት ናቸው። አንደኛው «ቀልድ ነው፣ አታክብዱት፤ በሁሉም አገር በአነጋገር ይቀለዳል» የሚል ነው። ሁለተኛው «አነጋገራችን ሁልጊዜ የዘበኛ ነው፤ ሐኪም ሆኖ ለምን አንሰማውም?» ይላል። ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ ያሳምናል። ምክንያቱም ጉዳዩ የአንድ ቀልድ ሳይሆን የድግግሞሽ ነው። አንድ ጊዜ የተቀለደ ቀልድ ነው፤ ሁልጊዜ ለዘበኛ ብቻ የተሰጠ አነጋገር ግን ሥፍራ ተመደበለት ማለት ነው።

ግን እውነቱን ለመናገር ደሴም ከዚህ ነፃ አይደለችም። የፒያሳ ልጅ ከገጠር ገበያ የመጣውን ሰው አነጋገር እየቀዳ ጓደኞቹን ያስቃል። የአዲስ አበባ ደራሲ ለደሴው ያደረገውን የደሴው ለባላገሩ ያደርገዋል።

ልዩነቱን የሚያመጣው ቀልዱን የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። በራሱ አነጋገር የሚቀልድ ሰው ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ከተሜው ቋንቋውን ስላልለመደ ግራ ይገባዋል፤ ባላገሩ ደግሞ ያን ግራ መጋባት እያየ ይጫወትበታል። ያኔ አነጋገሩ የቀልዱ ዒላማ መሆኑ ቀርቶ መሣሪያው ይሆናል። በስልክ የሚቀረጹ አጫጭር የወሎ ቀልዶች ሰው የሚወዳቸው ለዚህ ይመስላል። ካሜራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፃቸው ንፋስ ይገባበታል፤ ግን ማንም «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» አይልም።

ፊልሙስ?

«ሁሉም አንድ ነው» ለሚለው ምላሹ አጭር ነው። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ፊልም መሥራት ረከሰ፤ ሲኒማ ቤቱ ግን በአመዛኙ አዲስ አበባ ቀረ። ትኬት የሚገዛው የአዲስ አበባ ወጣት ነው፤ ለእሱ የሚስማማው የፍቅር ኮሜዲ ገንዘቡን ስለመለሰ ሌላውም ያንኑ ሠራ። ደሴ ላይ የሚታየው የዚያ ውሳኔ ትርፍራፊ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በዳቢንግ መጣ። ዳቢንግ የውጭውን ተዋናይ ንግግር አውጥቶ በከንፈሩ እንቅስቃሴ ልክ የአማርኛ ድምፅ መተካት ነው። የአገር ውስጥ ባለሙያዎች «ገበያችንን ይዘጋል» ብለው ተቃወሙ። ሌሎች ደግሞ ለተርጓሚና ለድምፅ ተዋናይ ሥራ ፈጠረ አሉ። እምብዛም ያልተነገረው ግን የዓይን ለውጡ ነው። ባሕር ዳርቻ፣ ትልቅ ቤት፣ በደንብ የበራ ትዕይንት ያየ ዓይን ወደ አንድ ሳሎን ሲመለስ ይቸገራል።

ዘፈን ሰበብ ይፈልጋል

አሁን ወደ ሦስተኛው ቅሬታ። ሙዚካል የሚባለው ገጸ ባሕርያቱ ንግግራቸውን ያቆሙበትን በዘፈን የሚቀጥሉበት ተውኔት ወይም ፊልም ነው። ዘፈኑ ጌጥ አይደለም፤ ታሪኩን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1943 በኒውዮርክ የቲያትር ሰፈር፣ ብሮድዌይ ላይ የቀረበው «ኦክላሆማ!» ለዚህ አሠራር እንደ መነሻ ይጠቀሳል። ሕንዶች ግን ከዚያም በፊት በራሳቸው መንገድ ጀምረዋል። በ1931 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ድምፃዊ የሕንድ ፊልም ሰባት ዘፈን ነበረው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ነው። ወሎ የዘፈን አገር ነው። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የዚሁ አካባቢ ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ያለች የሰኞ ገበያ ከተማ ናት፤ አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ነው። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ እርሻው ያለ ዜማ አይሄድም። መንዙማውም አለ፤ መዝናኛ ባይሆንም መሪው ያወጣል፣ ጀመዓው ይቀበላል። ታዲያ በዚህ አገር ያደገ ሰው ፊልም ላይ ሲዘፈን ለምን ይኮሳተራል?

አንዱ መልስ ሰበብ ነው። በእኛ ልማድ ሰው የሚዘፍነው ምክንያት ሲኖረው ነው። ሠርግ አለ፣ አዝማሪ ቤት አለ፣ ሐዘን አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲዞር ደንበኛው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ይቀበልና አዙሮ አጠገቡ ያለውን ሰው ይነካበታል። የተነካው እየሳቀ ብር ያወጣል። ዘፈን፣ ቀልድና ተመልካች በአንድ ክፍል ውስጥ። ማንም «ምን ሆኖ ነው የሚዘፍነው?» አይልም፤ ሥራው ነው። ቢሮ ውስጥ ከአለቃው ጋር ሲጨቃጨቅ የነበረ ሰው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲዘፍን ግን ሰበቡ የለም። ስለዚህ የአማርኛ ፊልሞች መሃል መንገድ አገኙ፤ ፍቅረኛሞቹ ሲነፋፈቁ ዘፈን ከጀርባ ይሰማል፣ የማንም ከንፈር ግን አይንቀሳቀስም።

የሕንድ ፊልም ይህን ያህል እየተወደደስ? ተመልካቹ በሁለት ከፍሎ ስለሚያየው ይመስላል። አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርይ ንግግር በራሱ ድምፅ የሚያወራበት የ«ትርጉም ፊልም» አሠራር ይህን ክፍፍል በደንብ ያሳያል። እናትየው ስታለቅስ፣ ሽፍታው ሲዝት፣ ፖሊሱ ሲጮህ ያው አንድ ሰውዬ ነው የሚያወራው። ዘፈኑ ሲመጣ ግን ዝም ይላል ወይም ዘፈኑ ተቆርጦ ይወጣል። ሙዚካልን ሙዚካል የሚያደርገው ቃል፣ ታሪኩን የሚገፋው ስንኝ፣ ወደ አማርኛ ሳይመጣ ይቀራል። ከዚያ ተመልካቹ «ዘፈኑ ትርጉም የለውም» ይላል። አልተተረጎመለትማ።

ሰበቡን ማበጀት ግን አይከብድም። ከሠርግ ሠርግ ስለሚዞር የአዝማሪዎች ቡድን የሚያወራ የደሴ ሲትኮም ቢጻፍ ዘፈኑም ቀልዱም ቦታው ላይ ይሆናል። «ኸ»ም የሚነገረው በባለቤቱ ይሆናል። ተመልካች ፊት መድረክ ላይ ቢቀረጽ ደግሞ የካርቱን ድምፅ አያስፈልገውም። ለዚያ ግን ማሲንቆ የሚመታ ተዋናይ፣ የዜማ ደራሲ፣ ዕቃ ከነሰው ከሠርግ ቤት ሠርግ ቤት የሚያመላልስ መኪና ያስፈልጋል። ለጊዜው አንድ ሳሎን ተከራይቶ ሁለት ሶፋ ላይ አራት ሰው ማጨቃጨቅ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።